ቤቱን የማያውቅ ፈረስ

ያን ጌም የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አለኝ። አገር የሚያህል ሜዳ ዘርግቶ፣ ተራራ ደርድሮ፣ ወንዝ ለቆ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ከነፈረሱ አቁሞ ዞር አለ። የት ሂድ የለ፣ ምን አድርግ የለ። እኛ አገር የማናውቀው መንገደኛ እንኳ ሲያልፍ "በዚህ በኩል ይሻልሃል" ይባላል። ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ?

ኮከብ እባላለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከአፈወርቅ ፀጉር ቤት ጎን ጌም ቤት አለኝ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አግዳሚ ወንበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የምንኖርባት ጓዳ። ዕቃውን የላከልኝ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ማሙሽ ነው፤ ከሚሊኒየሙ ማግስት፣ ከባሌ ተፋትቼ ባዶ እጄን የቀረሁ ጊዜ። ሴት ጌም ቤት ከፈተች ተብሎ ያልተወራ የለም። ቀበሌ ጠርቶ "ወጣት እያበላሸሽ ነው" አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እዚያው ቢሮ ውስጥ "በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጂ" አለኝ። የቱን ልስማ? ሁለቱንም ትቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ደንበኞቼ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ኳስ ግልጽ ነው፤ ወዲህ ጎል አለ፣ ወዲያ ጎል አለ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ያልቃል። ማሙሽ ግን ከኳሶቹ ጋር አንድ የፈረስ ሲዲ ቀላቅሎ ልኮ ነበር። ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ሞክረውታል። ትንሽ ይጋልቡና "ኮኪ፣ ወዴት ነው የሚኬደው?" ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ ምን ላውቅ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፣ ሳይነበብ ይጠፋል። ከዚያ ሲዲው ይወጣና ኳሱ ይገባል።

የወደደው አፈወርቅ ብቻ ነው። ፀጉር የሚቆረጥ ሲያጣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ይመጣና ፈረሱን ይከፍታል።

"ውበቱ እኮ አለመናገሩ ነው" ይለኛል። "እዚህ ሂድ፣ እዚያ ሂድ እያለ አያዝዝሽም። ራስሽ ፈልገሽ ነው የምታገኚው።"

"ምኑን ነው የማገኘው?"

"እሱንም ፈልገሽ ነው የምታገኚው።"

"ፀጉር ስትቆርጥም እንደዚህ ነህ? ደንበኛው ጆሮው የት እንዳለ ራሱ ፈልጎ ያግኝ ትላለህ?"

ይስቃል። ያኔ እኔም እስቅ ነበር፤ ነገሩ ገና ወደ ቤቴ አልመጣም ነበር።

አባቴ አቶ ወዳጆ ከከተማው በላይ ባለው የጓሳ ደጋ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ ላይ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ሜዳው ዝግ ነው፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያሰማራም። አባቴ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ቦራ በሚሉት ፈረሳቸው ሜዳውን ሲዞሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ወደ ቆላ ገበያ የሚወርድ ሰው ጉም ሲይዘው የሚጠራው እሳቸውን ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ እኔ። ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳየኋቸው፤ ሐኪሙ "የዕድሜ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ብቻቸውን አትተዊያቸው" አለኝ። ጸበልም አስጠመቅኳቸው። መጨረሻ ላይ ማሙሽና እኔ ተመካክረን ወደ ከተማ አመጣኋቸው።

ቤታቸው ሰው ሲያጣ ክዳኑ ሰጠመ፣ በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ወደቀ፣ ድንጋዩን ጎረቤት ለአጥር ወሰደው። አንድ ቀን ነገርኳቸው። አለቀሱ፤ እንደ ሰው ሞት ነው ያለቀሱት። በማግሥቱ ግን ረስተውት "ቤቴ ልሂድ" አሉኝ። ሁለተኛ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ ያንኑ መርዶ ለአንድ ሰው ማርዳት ምን ይባላል?

ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ዘወር ማለት ስትጀምር ይነሣሉ። በርኖሳቸውን ይደርባሉ፣ ዱላቸውን ያነሣሉ፣ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አንድ በአንድ እጅ ይነሣሉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ደህና ዋሉ። ቤቴ ልግባ።"

"ቤትዎ ነው ያሉት፣ አባዬ።"

"አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህና አስተናግዳችሁኛል። ከብቱ ይጠብቀኛል።"

ከዚያ በሩ ላይ እንቆማለን፤ እሳቸው ሊወጡ፣ እኔ ላግድ። እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እዋሻለሁ። የገዛ አባቴ እንደ እስር ቤት ዘበኛ ያዩኛል። ሲደክማቸው ነው የሚቀመጡት፤ ሲቀመጡም እያዘኑ ነው። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ይኸው ሰዓት ደርሶ በርኖሱን እንደደረቡ አፈወርቅ ፈረሱን ከፍቶ ነበር። አባቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ።

"የማን ፈረስ ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ አባባ" አለ አፈወርቅ፤ ተነሥቶም ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

ጣታቸው የገበሬ ጣት ነው፤ ያቺ ትንሽ ቁልፍ ከሥሯ ትጠፋ ነበር። ግን ያዙት። ወደፊት ሲገፏት ፈረሱ ሄደ፣ አጥብቀው ሲገፏት ጋለበ። ጀርባቸው ቀና አለ። ትንሽ እንደሄዱ ስድቡ ጀመረ፤ ፈረሰኛው እንደ ጆንያ ነው የተጫነው፣ እርካቡን አልረገጠም፣ ልጓሙን ያጠበቀው ሰው እጁ ይቆረጥ። ወንዝ ሲደርሱ ፈረሱን አቁመው ይጠጣ ብለው ጠበቁ፤ አልጠጣም። "ተቆጥቷል" አሉ። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው ከበቧቸው።

ያን ቀን ቤቴ ልግባ አላሉም። ጨዋታው መሐል ዘወር ብለው "ኮከብ፣ ይኼ ቦራን አይመስልም?" አሉኝ። በስሜ ከጠሩኝ ወራት አልፎ ነበር። "ይመስላል" ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ያ ቴሌቪዥን የአባቴ ሆነ። ኳስ የፈለገ በሌላኛው ተራውን ይጠብቅ፤ ያኮረፈም ይሂድ። ፈረሱ ላይ ሲሆኑ ራሳቸውን ነበሩ። ስለ ሣሩ ያወራሉ፣ ስለ ሙግት ያወራሉ፣ ጨዋታ አዋቂነታቸው ይመለሳል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ እነዚያ የከሰዓት በኋላ ሰዓታት እንዳይወሰዱብኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጌሙ ውስጥ ጉም ወረደ። ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ የሚታይ ጠፋ። አባቴ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አባባ፣ ይንዱት እንጂ፣ ቆመ እኮ" አለ አንዱ ልጅ።

"ዛቡን ለቅቄለታለሁ።"

ልጆቹ ተሳሳቁ። እኔ ግን ገባኝ። ጓሳ ላይ ጉም ከቆላ ሲወጣ የገዛ መዳፍህን አታይም፤ በአንድ ወገን ደግሞ ገደል ነው። ያን ጊዜ ሰው አያውቅም፣ ፈረሱ ነው የሚያውቀው። ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ፣ አንገቱ ላይ ጥለህ፣ እጅህን ሰብስበህ ትቀመጣለህ። ብትጎትተው ግራ ይገባዋል፤ ብትተወው ቤትህ ያደርስሃል። ልጅ ሆኜ ከኋላቸው ተፈናጥጬ እንዲህ መጥተናል። ምንም ሳላይ፣ ፊቴን በርኖሳቸው ውስጥ ቀብሬ። ቤት መድረሳችንን ያወቅኩት ቦራ በራችን ላይ ቆሞ ሲያሽካካ ነው።

የጌሙ ፈረስ ቆሟል። ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ጆሮውን ያንቀሳቅሳል፣ አይሄድም። አጠገባቸው የነበረው የኳስ ግጥሚያ አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ፣ እሱም አለቀ። ልጆቹ መሳቁን ትተው ነበር። አባቴ አሁንም እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "ይኼ ፈረስ ቤቱን አያውቅም" አሉኝ። "ከየት ነው የገዛችሁት?"

ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ተነሥተው ዱላቸውን ያዙ፤ ቤቴ ልግባ። በሩ ላይ ስቆም ገፉኝ። አባቴ በዕድሜያቸው እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም። የገፋኝ እጅ አልነበረም ያሳመመኝ፤ ከዚያ በኋላ ያንን እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ማየታቸው ነው።

ሲተኙ አፈወርቅ ፀጉር ቤት ገባሁ። ሱቁን እየጠረገ ነበር።

"ያ ጌም ምልክት የለውም? መንገድ የሚያሳይ ነገር?"

"አለው። ቀስት አለው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ለምን?"

"ቀስቱን ስትከተይ አገሩን አታይውም እኮ፣ ኮኪ። ዓይንሽ ቀስቱ ላይ ይቀራል። እንደ ታዘዘ ሰው ትሄጃለሽ፣ እንደ ታዘዘ ሰው ትመለሻለሽ። ምኑን ጨዋታ ሆነ?"

"አንተ አገር ለማየት ነው የምትሄደው" አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "ስትጨርስ ቴሌቪዥኑን ዘግተህ እናትህ ቤት ሄደህ ትበላለህ። መጥፋት የሚያምረው ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። አባቴ ምን ያድርጉ? እሳቸውም ፈልገው ያግኙ?"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ክፉ ሰው አይደለም። "ነገ አበራዋለሁ" አለኝ።

በማግሥቱ አበራው። ከቴሌቪዥኑ መስኮት አናት ላይ ቀይ ቀስት መጣች፤ ፈረሱ ሲዞር ትዞራለች፣ ሁልጊዜ አንድ ወገን ታመለክታለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው፣ እንዲህ በግልጽ ከተነገረ ማን ይጠፋል?

"አባዬ፣ ቀይዋን ይከተሉ። ቤትዎ የሚወስድዎ እሷ ነች።"

ተከተሏት። ሲጋልቡ እያንጎራጎሩ ነበር። ወንዙን ተሻገሩ፣ ኮረብታውን ዞሩ፣ ከበስተኋላው ጭስ ታየ፤ እሳት ከበው የተቀመጡ ሰዎችም ታዩ። "ይኸው ሰው አለ" አሉ አባቴ። ጓሳ ላይ ሰው አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ፈረሱን አቆሙ፣ ጆይስቲኩን ለቀው ቆባቸውን አወለቁ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው "እንደምን ዋላችሁ" አሏቸው።

ሰዎቹ ተነሥተው ተኮሱ። መጀመሪያ የወደቀው ፈረሱ ነው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ሁለመናው ቀላ፣ ጽሑፍ መጣ፣ ከዚያ ያው ሜዳ፣ ያው ፈረስ፣ ምንም እንዳልሆነ ቆሟል።

አባቴ ቆባቸውን እንደያዙ ናቸው። "ሰላም አልኳቸው እኮ" አሉኝ። "የማን አገር ሰዎች ናቸው ሰላምታ የማይመልሱ?"

የሳቀ ሰው አልነበረም። እንደገና ሞከሩ፤ ቀስቷ እዚያው ወሰደቻቸው። አሁንም ቆባቸውን አወለቁ፣ አሁንም ተኮሱባቸው። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የተዋሱትን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ለአፈወርቅ መለሱለት።

"ፈረሱ እናንተ ዘንድ ይደር። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።"

አፈወርቅን ወደ ውጭ ወሰድኩት። "ሌላ ቦታ አይወስድም? ቤት የለውም ይኼ ሰውዬ?"

"የለውም" አለኝ፤ ዓይኔን አያየኝም። "ዳር እስከ ዳር ሄጄዋለሁ። ቤት አልሠሩለትም። ቀስቱ የሚያውቀው ጠብ ያለበትን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ሲጀመር ከየት መጣ?"

"ከሜዳው። ዝም ብሎ ከሜዳው ነው የሚጀምረው።"

ለማሙሽ ደወልኩለት። "ፈረስ ያለበት ሌላ ሲዲ ፈልግልኝ፣ ሰውየው ቤት ያለው ይሁን፣ ፈረሱም ቤቱን የሚያውቅ" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ግን "እሺ" አለኝ። ፈልጎ ይሆናል፤ አላውቅም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። ከሰዓት በኋላው እንደ ድሮው ሆነ፤ በርኖስ፣ ዱላ፣ በር።

ነሐሴ ላይ ነው፣ በጠዋት። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጉሙም ከተማው ውስጥ ገብቶ ከደጄ ሆኜ የአፈወርቅን በር አላይም ነበር። አባቴ ተኝተዋል። ከግቢው ቧንቧ ውኃ ቀድቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው፣ በርኖሱ የለም፣ ዱላው የለም። ጠዋት ወጥተው አያውቁም ነበር፤ የሚወጡት ከሰዓት ነው።

ነጠላዬን ሳላነሣ ሮጥኩ። አፈወርቅ የደንበኛውን ፀጉር በግማሽ ትቶ በሌላው መንገድ ሄደ። መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሶቹ መብራት አብርተው ቆመዋል፣ ረዳቶቹ በጉሙ ውስጥ "ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን" ይላሉ። ሽማግሌ አይታችኋል? በርኖስ የለበሰ? በርኖስ የለበሰማ ስንት አለ፣ ይሉኛል። "አባዬ" እያልኩ ስጣራ ድምፄ ራሱ ሩቅ አይሄድም ነበር። ወንዙን አሰብኩ። የመኪናውን መንገድ አሰብኩ። ቤቴ ልግባ ያሉኝን ቀኖች ሁሉ አሰብኩ፤ አንድም ቀን ልወስዳቸው አልቻልኩም፤ የሚወሰዱበት ቤት የለማ።

ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ፣ የከተማው ቤቶች ካለቁ በኋላ፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በርኖሳቸው ረጥቧል። ዱላቸው መሬት ላይ ነው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው፣ ቀና ብለው፣ ምንም የማይታይበትን ያያሉ። ገና ሳልደርስ ምን እያደረጉ እንደሆነ አወቅሁ።

"አባዬ።"

ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ቀስ። አታስደንግጪው። ዛቡን ለቅቄለታለሁ፤ አሁን ይነሣል።"

ምን ልበል? ፈረስ የለም ልበል? እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። "ተነሥቷል፣ አባዬ። እንሂድ።"

ተነሡ። እጄን ይዘው ተከተሉኝ። ግራም ቀኝም አላሉኝ፣ አልጎተቱኝም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወዴት ነው ብለው አልጠየቁኝም። ያን ያህል ጊዜ በር ላይ ስንታገል የኖርን ሰዎች አንመስልም ነበር።

"ልጅ አለችኝ" አሉኝ ትንሽ እንደሄድን። "ኮከብ ትባላለች። አሁን ትጨነቅ ይሆናል።"

"እየደረስን ነው።"

"አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?"

"የወዳጆ።"

"እህ" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። "የእኔም ስም ነው።"

አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አላለቀስኩም፤ እጃቸው እንዳያመልጠኝ ብቻ አጥብቄ ይዤ ሄድኩ። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ቤታችን ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል፣ የመንገዱ ኩሬም እንደዚሁ። አፈወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ትንፋሹን ለቀቀ።

በሩን ከፈትኩላቸው። "ይኸው፣ አባዬ። ቤትዎ።"

ደፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። ቴሌቪዥኖቹን፣ አግዳሚውን፣ መጋረጃውን። ጣሪያውንም ቀና ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት፣ ላለማስቀየም እንደሚጠነቀቅ እንግዳ።

"አይደለም" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። "አንቺ መንገድ አልሳትሽም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቤቱ ነው ያልሆነው።"

"እሺ" አልኩ።

"እዚህ አረፍ ልበል። ጉሙ ሲነሣ እሄዳለሁ።"

በሩ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነች። ከተማው እስከ ቤተክርስቲያኑ ዛፎች ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሰው ሥራውን ጀምሯል፣ አንድ ጋሪ በፊታችን አለፈ። አባቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ጉሙ ገና ነው?" አሉኝ ቆይተው።

"ገና ነው፣ አባዬ" አልኳቸው።